ስለ ጳጉሜን 6 እና ስለ ሌሎች ትንንሽ ነገሮች

(የ1996 ዓ.ም. ምሩቃን 20ኛ ዓመት ሲከበር በምሳ ሰዓት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ የሆነ ነገር ትነግረናለህ፤ 20 ደቂቃ አለህ» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እምቢ ማለትን ነበር። በክፍላችን ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ ሰዎች ሞልተዋል፤ አሁንም ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ነው። በዚያ ላይ ሶፍትዌር ኢንጂነር ስለ ሥራው ሲያወራ ሰው ይተኛል። ይህንን በቤቴ አረጋግጫለሁ፤ ባለቤቴ እንቅልፍ እምቢ ሲላት «እስቲ ዛሬ ቢሮ ምን ሠራህ?» ትለኛለች።

ኮምፒዩተር የተማረ ሰው በቤተሰብ ውስጥ ያለው ዕጣ ይታወቃል። እናቴ ዘንድ 20 ዓመት ሙሉ ሥራዬ አንድ ነው፤ የተበላሸ ነገር መጠገን። የዲሽ ሪሞት፣ የጎረቤት ፕሪንተር፣ የእህቴ ልጅ የይለፍ ቃል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የእንጀራ ምጣድ። «እማዬ፣ እኔ እኮ የምጽፈው ፕሮግራም ነው» ብላት «ታዲያ ይሄስ በመብራት አይደል የሚሠራው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ምጣዱን ፈታሁት። ሽቦው ተበጥሶ ነበር፤ ቀጠልኩት፤ ሠራ። እውነቱን ልንገራችሁና በሙያዬ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ የሚበልጠውን ያገኘሁት ያን ቀን ነው። ምጣዱ ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ያበላሸሁት እንደሆነም በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ይነገረኛል። ፕሮግራም ግን እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው፤ ግን በጎዳና ላይ እየተዟዟርኩ ነው የምደርስበት፤ ታገሱኝ።

ከእናንተ መካከል ፍሎፒ ዲስክ በደረት ኪስ ይዞ በአራት ኪሎ ግቢ ያልተንጎራደደ የለም። 1.44 ሜጋባይት። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ አይገባበትም፤ እኛ ግን የሁለት ዓመት ሥራችንን ይዘንበት እንዞር ነበር። አማርኛ የምንጽፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር፤ ፊደሉም የሚነበበው ያ ፎንት የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን የምስጋና ገጽ ለአባቴ ብዬ በአማርኛ ጻፍኩና ለማተም ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ሲከፈት ገጹ በሙሉ የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ሆኗል። ሕትመት ቤቱ የነበረው ልጅ አየት አድርጎ «ይሄ ፎርሙላ ነው?» አለኝ። አባቴ ያንን ምስጋና በአማርኛ ሳያነበው ቀረ፤ በእንግሊዝኛ ተኩት ተባልኩ፣ ተካሁት።

የሚገርመው ፊደላችን በዚያን ጊዜ በዓለም አቀፉ የፊደላት ሰንጠረዥ በዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም። ነገሩ በወረቀት ላይ አልቋል፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 መጀመሪያ ነው፤ እንግዲህ የራሳችን ሚሊኒየም ዋዜማ መሆኑ ነው። ዛሬ የ11 ዓመት ልጄ በስልኳ «አባ መቼ ትመጣለህ» ብላ ስትጽፍልኝ ከዚያች አንድ መስመር በስተጀርባ ስንት ሰው እንደለፋ አታውቅም። አለማወቋ ደስ ይለኛል። ጥሩ የተሠራ ነገር እንደዚያ ነው፤ አይታይም።

ፊደሉ መጣ እንጂ ጣጣው አላለቀም። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አስቡት። በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ ከዚያ በሀሌታው ሀ ወይም በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ፤ ስትደምሩት ቢያንስ 6 ዓይነት አጻጻፍ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ደግሞ 6 የተለያዩ ሴቶች ናቸው። አንድ ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን መዝገብ ሳጸዳ አንድ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ተመዝግበው አገኘኋቸው፤ አንዴ ኃይሉ፣ አንዴ ሀይሉ፣ አንዴ ሃይሉ። አንዱ ኃይሉ ዕዳ አለበት፤ ሌላው ሀይሉ ተቀማጭ አለው። ሰውዬው አንድ ናቸው።

የስሙን ነገር በውጭ አገር ያላችሁት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባታችን ስም ነው ያለን። ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅ በባልየው ስም ተጽፈው አንድ ቤተሰብ በአውሮፕላን ማረፊያ ሦስት የማይተዋወቁ መንገደኞች ይሆናል። ቅጹን የሠራው ሰው ክፉ አይደለም። በሚያውቀው ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም ነበረው፤ በቃ።

ሰዓቱስ? ስልኬ 9፡00 ሲል እኔ 3 ሰዓት ብዬ አነበዋለሁ። አባቴም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ጥበቃውም እንዲሁ ያነቡታል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ባየ ቁጥር ሳያስበው 6 እየቀነሰ ወይም እየደመረ ይኖራል። መጀመሪያ በርቀት ከውጭ ድርጅት ጋር መሥራት የጀመርኩ ሰሞን «ነገ በ3» ብዬ ስብሰባ ቀጥሬ፣ እኔ ጠዋት ካሜራዬ ፊት ክራቫት አስሬ ለብቻዬ ተቀምጫለሁ፤ እነሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እኔ ምሳ በልቼ ስተኛ ሲጠብቁኝ ውለዋል። ይህ የሚያስቅ ነው፤ ማንንም አልጎዳም። አሁን የምነግራችሁ ግን አያስቅም።

«ሲስተም የለም» የሚለውን አነጋገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «መብራት የለም»፣ «ውሃ የለም» እንደሚባለው ነው። መስኮቱ ጋ ትደርሳለህ፣ ልጅቷ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» ትላለች፣ ትመለሳለህ። ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። መብራት ከየት እንደሚመጣ ስለምናውቅ እንናደዳለን፤ ሲስተም ግን ከየት እንደሚመጣ ስለማናውቅ አንናደድም። እንደ ዝናብ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ይህንን ስሰማ ከሌሎች ጋር አብሬ እስቅ ነበር። ሲስተሙ የሆነ ሰው መሆኑን፣ አንዳንዴም እኔ መሆኔን ሳላስበው ነው።

በ2009 ዓ.ም. ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም ሠራሁ። ማኅበሩ ትንሽ ነው፤ አባላቱ ጉልት የሚሸጡ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። ብዙ ገንዘብ አልነበረውም፤ እኔም ብዙ አላስከፈልኩም። ወረቀቱን ሁሉ አስገባን፣ ደረሰኙ በማሽን መታተም ጀመረ፣ አባላቱ ደስ አላቸው። እኔም በሥራዬ ኮራሁ። ቀኑ በኛው አቆጣጠር እንዲታይ አድርጌ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ በውስጡ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ የሚቀይር ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ጻፍኩለት።

እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ ልታገሱኝ። አቆጣጠራችን 12 ወር ባለ 30፣ ከዚያ ጳጉሜን ናት፤ 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ 6። ጥያቄው «በየትኛው ዓመት 6 ትሆናለች?» ነው። እኔ የጻፍኩት፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪ ከሌለው 6 ናት፤ አለዚያ 5። ይህንን ከየት አመጣሁት? የመጀመሪያው ዓመት የፕሮግራሚንግ ልምምዳችንን ታስታውሳላችሁ? «የተሰጠው ዓመት 366 ቀን ያለው መሆን አለመሆኑን የሚለይ ፕሮግራም ጻፍ»። ሁላችንም ጽፈናል፤ እኔ ሙሉ ማርክ ነው ያገኘሁት። መምህሩም ዛሬ እዚህ አሉ፤ እንዳይሰጉ፣ ጥፋቱ የልምምዱ አይደለም! ልምምዱ ስለ ፈረንጅ ዓመት ነበር፤ ለፈረንጅ ዓመትም ትክክል ነው። ወስጄ በጳጉሜን ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በኛ አቆጣጠር 6 የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ 2007፣ 2011፣ 2015።

እንዲህ ያለ ስሕተት ክፋቱ ከ4 ዓመት 3ቱን ትክክል መሆኑ ነው። በ2009 ፈተንኩት፤ ሠራ። 2010 አለፈ። 2011 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ ምንም አልነበረም።

ጳጉሜን 6 ቀን 2011፣ ረቡዕ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ስትከፍት «መስከረም 1 ቀን 2012» ይላል። በዓል ነው ማለት ነው። በበዓል ቀን ሒሳብ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ቁልፍ ደግሞ ነበረው፤ እሱንም የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ብልኅ የሆንኩ መስሎኝ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካላንደር ጳጉሜን 6 ይላል፤ ማሽኑ አዲስ ዓመት ይላል። ልጅቷ ካላንደሩን ትታ ማሽኑን አመነች። በእጅ ደረሰኝ ቆርጣ መቀበል ትችል ነበር፤ ግን ሳሠለጥናቸው «ከሲስተሙ ውጭ ምንም ደረሰኝ እንዳትቆርጡ» ብዬ አስጠንቅቄ ነበር። ስልኬ ኮምፒዩተሩ ጥግ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። አልደወለችም። በኋላ «ለምን አልደወልሽልኝም?» ስላት ትንሽ ዝም አለችና «ባለፈው ስደውል ‹ዘግተሽ ክፈቺው› ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ» አለችኝ። አላስታውሰውም። ግን እኔን ይመስላል።

ስለዚህ ያን ቀን ለመጣው ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» ተባለ።

ከመጡት ውስጥ ባልትና የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። የመጨረሻውን የብድር ክፍያ ይዘው ነው የመጡት፤ ውላቸው «እስከ ጳጉሜን መጨረሻ» ይላል። ገንዘቡን በመሐረብ እንደቋጠሩ ተመለሱ። ሐሙስ እንቁጣጣሽ ነው፤ ዝግ ነው። ዓርብ መጥተው ከፈሉ። በማሽኑ ቁጥር ግን ውላቸው ካለቀ ቀናት አልፈዋል፤ ቅጣት ተቆርጦባቸዋል፤ 185 ብር። ቅጣቱ ምንም አልነበረም። ችግሩ ደብዳቤው ነው። ክፍያ ሲያልፍ ለዋሶች ማስጠንቀቂያ በራሱ የሚያትም ነገር ነበረው፤ ይህም የኔ ብልኅነት ነው። ረቡዕ ጠዋት ገና ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ታትሞ ወጣ፣ በበዓሉ ማግሥት ለዋሶቹ ተሰጠ።

ይህንን ሁሉ የማውቀው በኋላ ነው። እኔ እስከ ኅዳር ድረስ በሰላም እኖር ነበር። ፕሮግራሙ 2012ን በሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይሄዳል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ በየደረሰኙ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ እየሰረዘች ታስተካክላለች፤ አባላቱም አይተው ዝም ይላሉ። ሲስተም ነዋ! ዓመቱን ሙሉ ዝም ቢሉ ደግሞ ማንም ሳይነካው በ2013 መስከረም ራሱ ይስተካከል ነበር፤ 2012ን ባለ 366 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥረው። ስሕተት እንደመጣ ሄደ ይባል ነበር ማለት ነው።

የደወሉልኝ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ከዚያ ጸሐፊ ሆነው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ዓርብ ነው፣ አባባ።»

«ዓርብ መሆኑንማ በጾሙ አውቃለሁ። ስንት ቀን ነው?»

ኮምፒዩተሬን አየሁ፤ የፈረንጁን ነው የሚነግረኝ። ዝም ስል «ኅዳር 12፣ ሚካኤል ነው» አሉኝ። «አሁን ከንግሥ መምጣቴ ነው። ያንተ ማሽን ግን ሚካኤልን ትናንት አንግሦታል!»

ያኑ ዕለት ሄድኩ። አባባ ኮዱን አይተውት አያውቁም፤ ማየትም አላስፈለጋቸውም። አንድ ደረሰኝ ገለበጡና ጀርባው ላይ 5500 ሲደመር 2011 ጻፉ፤ 7511። ለ4 አካፈሉት፤ 1877፣ ቀሪ 3። «አንድ ከቀረ ማቴዎስ፣ ሁለት ከቀረ ማርቆስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ሉቃስ ሲወጣ ነው። አንተ ለዮሐንስ ሰጠሃት።» ባሕረ ሐሳብ ነው። በልጅነታቸው በቃል ያጠኑት ነው። እኔ ከምሕንድስና ጋር ባሳለፍኩት ዕድሜ አንድ ሰው ከዚያ በተሻለ ስሕተቴን አስረድቶኝ አያውቅም። ፕሮግራሙን ከፈትኩ፣ ዜሮዋን ወደ 3 ቀየርኩ። አንድ አኃዝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ዝርዝሩን አወጣን። በዚያች ቀን ምክንያት እንደዘገዩ የተቆጠሩት 17 ሰዎች ነበሩ። የ16ቱ ቅጣት ተመልሶ በይቅርታ አለቀ፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። የባልትናዋ እናት ግን አልሳቁም። ከዋሶቻቸው አንዷ የ15 ዓመት ጎረቤታቸው ናቸው፤ ቡና የሚጠሩት በአንድ ጀበና ነው። ያ ደብዳቤ ከደረሳቸው ወዲህ ጎረቤትየው ቡና መምጣት ትተዋል። በሰፈሩ «ዋስ አድርጋ አዋረደቻት» ተብሏል። ሌላ ዋስ ስላልተገኘም አዲሱ ብድር ቀርቷል፤ ብድሩ ደግሞ በርበሬ በሚረክስበት ወቅት በኩንታል ለመግዛት ነበር።

አባባ «ሽማግሌ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሽማግሌው እኔ ነኝ» አሉኝ። ሄድን። ጎረቤትየው ደብዳቤውን ከቤት ኪራይ ደብተራቸው ጋር በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውታል። አውጥተው ሰጡኝ። አነበብኩት። «ዋስ የሆኑለት ተበዳሪ ዕዳውን በወቅቱ ባለመክፈሉ» ይላል። ባለመክፈሉ! ለሴት መሆኑን እንኳ አይለይም። ይህንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት አንድ ከሰዓት በኋላ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው። ቦታ ለመሙላት ነበር የጻፍኩት። ሰው ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም።

«ይሄን የጻፈ ማነው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እኔን ታውቀኛለህ?»

«አላውቅዎትም።»

«ታዲያ ሳታውቀኝ እንዴት ጻፍክልኝ?»

የቀን መቁጠሪያውን ነገር ለማስረዳት ሞከርኩ። ፈረንጅ፣ ጳጉሜን፣ ለ4 ሲካፈል... አባባ በክርናቸው ነካ አደረጉኝና ዝም አልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ፤ እስከ በረካው ጠጥተን ወጣን። ይቅርታውን ተቀብለውኛል። ለባልትናዋ እናት ግን ዳግመኛ አልፈረሙም። «እሷን አልጠላኋትም፤ ወረቀት ነው የፈራሁት» ነው ያሉን።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ደብዳቤ በራሱ እንዳይወጣ አደረግሁ፤ አሁን አንድ ሰው አንብቦ ካልፈረመበት አይታተምም። የበዓሉን ቁልፍ አነሳሁት። ገንዘብ ተቀባይዋን ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከእርሷም መስኮት ኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ ሥራዋን አየሁ። በሁለቱ ቀናት ያየሁት ሦስት ዓመት ካሰብኩት ይበልጣል። ለምሳሌ አባላቱ ስማቸውን በፊደል አይናገሩም፤ «የአቶ እገሌ ባለቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ነው የሚሉት። እሷም በስም አትፈልጋቸውም፤ ሁሉንም በቁጥራቸው በቃሏ ታውቃቸዋለች። እኔ ለስም መፈለጊያው አንድ ወር ለፍቼበት ነበር።

መምህራኖቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠሩ ተማሪዎች ዛሬም «የሆስፒታል ማኔጅመንት ሲስተም»፣ «የላይብረሪ ሲስተም» ብለው እንደሚጽፉ ሰምቻለሁ፤ እኛም ጽፈናል። እኔ የላይብረሪ ሲስተም ጽፌ ኤ ሳገኝ አንድም ቀን የላይብረሪ ሠራተኛ አናግሬ አላውቅም። እባካችሁ አንድ ሳምንት መስኮት ኋላ አስቀምጧቸው። ከቻላችሁ ደግሞ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ ሊቅ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ጋብዙ፤ ደመወዝ ሳይጠይቁ የሚመጡ አይጠፉም።

ወጣቶቹ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠይቁኛል፤ «ሥራችንን ይወስደዋል ወይ?» ይላሉ። እኔ እንጃ። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ፈጣን ነው፤ አይደክመውም፤ ስትቆጣው አይቀየምም። ነገር ግን እኔ ያንን ጥፋት ያጠፋሁት በገዛ እጄ፣ በገዛ ጭንቅላቴ፣ በሙሉ ማርክ ነው። ማሽን በሰከንድ ቢጽፈው ኖሮ የሚለየው ሌሊቱን መተኛቴ ብቻ ነበር። የጎረቤትየውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ያው መገኘት አለበት፤ እርሱ ደመወዝ ይከፈለው አይከፈለው እንጃ። የሰውን ደብዳቤ ስለማጻፍ ግን ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለኝ፤ አልወደውም። የልደት መልካም ምኞት በማሽን አስጽፋችሁ የምትልኩልን ጓደኞቻችን እናውቃችኋለን! «በሕይወትዎ ጉዞ ውስጥ» ብሎ የሚጀምር ሰው በክፍላችን አልነበረም።

ቡና ላይ ስልክ ስለመያዝ ልናገር ነበር፤ ግን የባለቤቴ ዓይን እያየኝ ስለሆነ ይቅር። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ሌላም አለ፤ በፈረንጆቹ 2100 ዓ.ም. የእነርሱ የካቲት 29 ትዘለላለች፤ የኛ ጳጉሜን ግን ለመቶ ዓመት ብላ አትዘልም። ከዚያ ወዲህ እንቁጣጣሽ በእነሱ ሴፕቴምበር 11 መሆኗ ይቀርና 12 ትሆናለች። ዛሬ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር ሁሉ ያኔ ይፈለጋል። ደግነቱ ስልኩ አይነሳም።

ልጨርስ። ባለፈው ጳጉሜን 6፣ በ2015 ማለቴ ነው፣ ሰኞ ቀን፣ ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ማኅበሩ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ከልጅቷ ኋላ ቆሜ ነበር። «ጳጉሜን 6 ቀን 2015» አለ። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። አባባም መጥተው ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ዳቦ ይዘው ነበር፣ ተካፈልን።

ወደ 5 ሰዓት ገደማ የባልትናዋ እናት ገቡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብድር አልወሰዱም፤ ቁጠባቸውን ብቻ ያስገባሉ። እኔን ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙና «ምነው፣ ዛሬም ሲስተም የለም?» አሉ።

«አለ፣ እትዬ» አልኳቸው።

መሐረቡን ፈትተው 300 ብር አስገቡ። ደረሰኙን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርገው ቀኑን አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው ያዙና «የጎረቤቴንም ደብተር ይዣለሁ፤ እግሯን አሟት ነው፤ እሱንም አስገባልኝ» አሉኝ።

የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። ፈቃድ ከአሁኑ ጠይቄያለሁ። ምሳው እየቀዘቀዘ ነው መሰለኝ፣ አዘጋጆቹ ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባላውቅም።